የእትዬ ፈሪሃ ይግባኝ

እትዬ ፈሪሃ ማንበብም መጻፍም አያውቁም ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ላሳንሳቸው ብዬ አይደለም። እኔ ሁለቱንም አውቅ ነበር፤ የጠቀማቸው ነገር ግን የለም።

የተወለዱት አሊዩ አምባ ነው። አባታቸው በበቅሎ ጨው እየጫኑ ከቆላ ደጋ የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። መኪና መጥቶ የበቅሎው ንግድ ሲቀዘቅዝ ሰውየው ሴት ልጃቸውን አብዱልሀኪም ለሚባል አራሽ ዳሩ። አብዱልሀኪም ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ፣ ሮቢ ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ግራርና እሾህ የወረረው መሬት ገዝቶ ነበር። የሸጡለት ሰው የግራዝማች ይልማ አባት ናቸው። ውሉ በሦስት ምስክሮች ፊት ተጽፎ፣ አሻራ ተደርጎበት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ገባ።

ባልና ሚስት ሁለት በጋ ሙሉ ቦይ ሲቆፍሩ ከረሙ። እትዬ ፈሪሃ ስለዚያ ቦይ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። «ውሃው የመጣ ዕለት አብዱልሀኪም ልብሱን እንደለበሰ ቦዩ ውስጥ ተንጋለለ፤ አበደ ብዬ ጮህኩ» ብለው አጫውተውኛል። ከዚያ በኋላ ሽንኩርትና ቃሪያ አበቀሉ፣ ፓፓያ ተከሉ፣ ማሽላቸው ከጎረቤት ሁሉ ቀድሞ ይደርስ ነበር። ልጅ አራት ወለዱ። ሦስቱን ወባ ወሰደቻቸው፤ ከማሳው ራስጌ፣ ከአንድ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀበሩ። የቀረችው መሊካ ብቻ ነበረች፤ እሷም አድጋ አሊዩ አምባ አገባች። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አብዱልሀኪም ራሱ በዚያችው ወባ ሞተና ከልጆቹ አጠገብ ተቀበረ።

አርባው ሳይወጣ ግራዝማች ይልማ መጡ። «ጭሰኛዬ ሞቷል፤ መሬቴን እፈልጋለሁ» አሉ። ጭሰኛ! ሰውየው የገዛ አባታቸው የሸጡትን መሬት ነው ጭሰኛዬ የያዘው የሚሉት። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ያን ሰሞን ጥጥ የሚያለሙ ሰዎች በትራክተር ወደ ቆላው መግባት ጀምረው ነበር፣ ውሃ የሚደርሰው መሬት ሁሉ በአንድ ጊዜ ባለቤት አበዛ። እትዬ ፈሪሃ አልለቅም አሉ። ግራዝማች ከሰሱ።

እኔ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ስሜ ብርሃኑ ነው፤ በዚያን ጊዜ የወረዳው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ ከባልደረቦቼ በሕይወት ያሉ አሉ። ይፋት ቆላ ውስጥ ነው ካልኩ ይበቃል። ተወልጄ ያደግኩት ጣርማ በር፣ ሰው በሐምሌ ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት አገር ነው። መንግሥት ሥራ ሰጠሁህ ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስገብቶ ጠበሰኝ። በዓመት ሁለቴ ወባ ይጥለኛል። በየመንፈቁ የዝውውር ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በየመንፈቁ «ለጊዜው ክፍት ቦታ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ቁጡ ሆንኩ። ሰው በመስኮቴ ብቅ ሲል ገና ሳይናገር ደሜ ይፈላ ነበር።

ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም። ክስ ሲመጣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ በትልቁ ባሕር መዝገብ ላይ የከሳሽና የተከሳሽ ስም እጽፋለሁ፣ ወረቀቱን በአቃፊ አድርጌ በሲባጎ አስራለሁ። በቀጠሮ ቀን ወደ ችሎት አወጣለሁ፣ ሲመለስ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ። ምስጥ እንዳይበላው የመደርደሪያውን እግር ናፍጣ እቀባለሁ። ውሳኔ ሲሰጥ ደግሞ የተፈረደበት ሰው ግልባጭ እንዲሰጠው ያመለክታል፤ እኔ ገልብጬ፣ አመሳክሬ፣ ማኅተም አስመትቼ እሰጠዋለሁ። ያንን ይዞ በስልሳ ቀን ውስጥ ዳገቱን ወጥቶ አውራጃው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። መዝገቡ የሕዝብ ነው፤ የፈለገ ሰው ሁሉ ጠይቆ ማየት ይችላል። ይህን ሕግ አውቀው ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ ግን አልነግርም። ያልጠየቀ ምን ቸገረኝ እል ነበር።

ባለጉዳዩ በመስኮት መጥቶ «መዝገቤ የት ደረሰ?» ይላል። ቀና ሳልል እመልሳለሁ፤ «ተቀጥሯል።» «ለምርመራ አድሯል።» «ተዘግቷል።» የመጨረሻዋ ቃል በእኛ ቤት ትርጉሟ ቀላል ነው። ዳኛው ፍርዱን ጽፈው ሲጨርሱ ከታች «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ብለው ይፈርማሉ። ተዘጋ ማለት አለቀ፣ ተፈረደ ማለት ነው። ለደብተራውም ለነገረ ፈጁም ግልጽ ነው። ቆላ ወርዶ ሽንኩርት ለሚያጠጣ ሰው ግን የሚዘጋ ነገር ያው በር ነው፤ የተዘጋ በር ደግሞ ይከፈታል። ይህን ማሰብ የእኔ ፋንታ ነበር፤ አላሰብኩም።

የእትዬ ፈሪሃ ክርክር ሁለት ዓመት ፈጀ። ከውሉ ሦስት ምስክሮች ሁለቱ ሞተዋል። ሦስተኛው አሊዪ የሚባል ሰው ነው፤ መጥሪያው ድሮ ወደነበረበት ቀበሌ ተልኮ «አልተገኘም» ተብሎ ተመለሰ። ሰውየው አጣዬ ሄዶ ልጁ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ዳኛው የክረምቱ ዕረፍት ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛቸውን ማጽዳት ፈለጉ፤ ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ፍርድ አነበቡ። ዘጠነኛው የእትዬ ፈሪሃ ነበር። ውሉ በምስክር ስላልተደገፈ መሬቱን ለከሳሽ ይልቀቁ የሚል ነው። ዳኛው ሲያነቡ እንደ ዳዊት ደጋሚ ነው የሚወርዱት። እትዬ ፈሪሃ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የለዩት የባላቸውን ስም ብቻ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ።

ከችሎት ወጥተው ወደ እኔ መስኮት መጡ። አጠር ያሉ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ እጃቸው እንደ ወንድ እጅ የሻከረ ሴት ናቸው።

«ጌታው፣ የእኔ ነገር እንደምን ሆነ?»

መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። የመጨረሻውን መስመር አየሁ።

«መዝገብዎ ተዘግቷል።»

«ተዘጋ?»

«ተዘግቷል አልኩ።»

ከኋላቸው ያለው ሰው ይገፋል፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«እንግዲያ መቼ ይከፈታል?»

እኔ ፍርድ ቤቱን ነው የጠየቁኝ የመሰለኝ። ያን ዕለት ባለጉዳይ ሁሉ ስለ ክረምቱ ዕረፍት ነበር የሚጠይቀኝ።

«ጥቅምት መባቻ» አልኳቸው።

«ጥቅምት። እስኪከፈት መሬቴ ላይ ብሆን ማንም አይነካኝም?»

«ማን ይነካዎታል እትዬ፣ ዕረፍት እኮ ነው» አልኩና «ቀጣይ!» ብዬ ጮህኩ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ጮክ ያለ ጠብ የለበትም፣ ጉቦ የለበትም፣ ክፋት እንኳ የለበትም። ብዙ ጊዜ ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

እትዬ ፈሪሃ ቤታቸው ገብተው ለጎረቤት ሁሉ «ዳኛው ነገሬን ለጥቅምት ቆልፎ አሳደረው» ብለው አወሩ። የግራዝማች ነገረ ፈጅ ብልጥ ሰው ነበር፤ ስልሳው ቀን እስኪያልፍ ትንፍሽ አላለም፣ ያስፈጽሙልኝ ብሎም አላመለከተም። ማመልከቻ የሚጽፉላቸው ጋሼ ግርማ በየክረምቱ እርሻቸውን ሊያዩ ደጋ ይወጣሉ፤ በዚያ ላይ ጥቅምት ይከፈታል የተባለች ሴት ጸሐፊ ምን ያደርግላታል? ማሽላቸውን ኮተኮቱ፣ ቦዩን ጠረጉ።

ነሐሴ ላይ ገበያ መሐል አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጡኝና «ያው ጥቅምት ነው አይደል ጌታው?» አሉኝ። «ያው ጥቅምት» ብዬ አለፍኩ። ስልሳው ቀን ገና አላለቀም ነበር። ፍርድ ቤት ዕረፍት ቢወጣም ቀን መቆጠሩን አይተውም፤ አውራጃው ላይ ይግባኝ የሚቀበል ተረኛ ክረምቱን ሙሉ ይቀመጣል፤ እኔም ግልባጭ ለመስጠት በየቀኑ ቢሮ እገባ ነበር። አንዲት ጥያቄ መልሼ ብጠይቃቸው፣ «ጥቅምት ምን ሊሆን?» ብላቸው፣ ሁሉም ነገር እዚያው ገበያ ውስጥ ይቃና ነበር። ዝናብ ሊመጣ ስለነበር ቸኮልኩ።

ጥቅምት ሲጠባ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት፣ መስኮቴ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ነጠላቸው ታጥቧል።

«መጣሁ። ይከፈትልኝ።»

«ምኑ?»

«መዝገቤ ነዋ!»

ያኔ ነው የገባኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ባሕር መዝገቡን ገለጥኩ፣ ቀኑን ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ቀኑ መስከረም ዘጠኝ ላይ አልቋል። ተፈርዶብዎታል፣ የይግባኝዎም ጊዜ አልፏል ብዬ ነገርኳቸው። አልጮኹም። መስኮቱን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንተ አይደለህ ጥቅምት ያልከኝ?» አሉ። እስከዚያ ቀን አንቱ ሲሉኝ ነበር።

ግልባጩን እዚያው ቁጭ አድርጌ ጻፍኩላቸው። ሌላው ሰው ሳምንት የሚጠብቀውን በግማሽ ቀን አደረስኩት፤ ያደረግኩት ደግ ነገር ይኸው ብቻ ነው። ጋሼ ግርማ ዘንድ ይዤያቸው ሄድኩ። ጋሼ ግርማ ፍርድ ቤቱ ደጅ ካለው ሾላ ሥር፣ ሣጥን ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን በክር አስረው የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። አነበቡ፣ ጠየቁ፣ ሰሙ። ከዚያ እኔን ቀና ብለው አዩኝ።

«መንገድ አለ» አሉ። «በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ቢያልፍም ይግባኙን እንዲቀበሉት ፈቃድ ይጠይቃል። አሊዪ አጣዬ መሆኑን አውቀናል፣ ይግባኝ ሰሚው ከሰማው ይህ ፍርድ አንድ ቀን አያድርም። ምክንያቱም ይኸውና፤ የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ አሳስቷቸዋል። ሠራተኛው ይህን ካመነ አለቀ።»

እትዬ ፈሪሃ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ የነገርከኝን ብቻ ጻፍልኝ ልጄ። ሌላ አልልህም» አሉ።

«እጽፋለሁ» አልኩ። ስናገር ከልቤ ነበር።

አውራጃው ማመልከቻውን ተቀብሎ ለእኛ ጽሕፈት ቤት ሁለት ጥያቄ ላከ። አመልካቿ የውሳኔ ግልባጭ የጠየቁት መቼ ነው? ከዚያ በፊትስ ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጣቸው መልስ ምን ነበር? የጽሕፈት ቤቱ ሹም አቶ ደሳለኝ ደብዳቤውን ይዘው መጡ። አቶ ደሳለኝ ሳይቆጡ የሚያስፈሩ ሰው ነበሩ።

«ይህች ሴትዮ አንተ አሳሳትከኝ ትላለች። እውነት ነው?»

«እኔ…»

«ቆይ፣ ሳትመልስ ስማኝ። የዝውውር ጥያቄህ አዲስ አበባ ደርሷል። ጣርማ በር አካባቢ ቦታ ተገኝቷል ይላሉ። ፋይልህ ንጹሕ ነው ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። እንግዲህ ለዚህ ደብዳቤ እንደ መዝገቡ ጻፍ። መዝገቡ ላይ ያለውን ጻፍ፣ የሌለውን አትጻፍ። ውሸት አላልኩህም።»

ውሸትማ አላሉኝም። ደብዳቤውን ሦስት ቀን አጠገቤ አስቀምጬ ዋልኩ። ያን ሳምንት ትኩሳቱ ተነስቶብኝ ነበር፤ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ የእናቴን ቤት፣ ያንን ጉም፣ ያንን ብርድ አስባለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚህ ቆላ እሞታለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እውነቱ እሱ ነው። ምክንያት አደርገዋለሁ እንጂ መልስ እንደማይሆን አውቃለሁ።

በአራተኛው ቀን ጻፍኩ። «አንደኛ፣ አመልካቿ የውሳኔ ግልባጭ የጠየቁት ጥቅምት አንድ ቀን ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት መሆኑን ባሕር መዝገቡ ያስረዳል። ሁለተኛ፣ ከዚያ ቀን በፊት ጠይቀው ስለተሰጣቸው መልስ በመዝገቡ ላይ የሰፈረ ነገር አልተገኘም።» እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ደብዳቤ በሥራ ዘመኔ ጽፌ አላውቅም። አቶ ደሳለኝ አንብበው ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ፣ ፖስታውን በሰም አሸጉት።

ፖስታ ቤቱ እየዘገየ ስላስቸገረ እንዲህ ያለውን መልስ በባለጉዳይ እጅ መላክ ልማድ ነበር። እትዬ ፈሪሃ ተጠርተው መጡ። ፖስታውን ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት።

«የነገርከኝን ጻፍክልኝ ልጄ?»

«የሚገባውን ጽፌያለሁ እትዬ» አልኩ።

«አላህ ያክብርህ» አሉና ፖስታውን እጥፋት እንዳይነካው ከነጠላቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ አኖሩት። በማግሥቱ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ዳገቱን ወጡ። እዚያም አንድ ሙሉ ቀን ደጅ ቆመው፣ ስማቸው ሲጠራ «አቤት!» ብለው ገብተው፣ ያንን ወረቀት በገዛ እጃቸው ለዳኛው አስረከቡ።

የአውራጃው ትእዛዝ ሁለት መስመር ነው። «ይግባኙ በጊዜው ያልቀረበበት በቂ ምክንያት መኖሩ ስላልተረጋገጠ ፈቃዱ ተከልክሏል። መዝገቡ ተዘግቷል።» ምን ተጽፎ እንደተከለከሉ አይናገርም። ጋሼ ግርማ ግን ሄደው መዝገቡን አስወጥተው አይተዋል፤ ሰው ሁሉ ማየት ይችላል ብያለሁ። ሲመለሱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ።

«ለእትዬ ፈሪሃ ነገሯቸው?» አልኩ።

«ምን ይጠቅማቸዋል? ደግሞ በሰው ላይ ያላቸውን እምነት ልቀማቸው?» አሉና ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታዬን አልተቀበሉም። አልፈረድኩባቸውም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የፍርድ አስፈጻሚው ከሁለት ፖሊስ ጋር ወረደ። ማሽላው ታጭዶ ነበር፤ ጎጆውን ማፍረስ ብዙ ጊዜ አልወሰደም አሉ። ትራክተሩ ሲገባ ቦዩን ደፈነው፤ ጥጡ የሚጠጣው በሌላ በኩል ነው። የቁርቁራውን ዛፍ ቆረጡት። ከሥሩ ስለነበረው ነገር የጠየቀ ሰው እንዳለ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የእኔ ዝውውር ታኅሣሥ ላይ መጣ። ዕቃዬን እየሸከፍኩ ሳለሁ መስኮቱ ተንኳኳ። እትዬ ፈሪሃ ናቸው። አሊዩ አምባ፣ መሊካ ዘንድ ሊገቡ መንገድ ጀምረው ነበር፤ አንዲት ጥቅል በጀርባቸው አዝለዋል። ፊታቸው ከስቷል። ከጥቅላቸው አንድ ቁና ያህል ማሽላ በጨርቅ ቋጥረው አውጥተው በመስኮቱ አሳለፉልኝ።

«ከመሬቱ የወጣ የመጨረሻው ነው» አሉ። «ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። ዳኛው እምቢ አለ እንጂ አንተስ እውነቱን ጽፈህልኛል። እኔን ብለህ ከሹምህ ጋር ሳትጣላ አልቀረህም። ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ አንተ አልሸሸኸኝም ልጄ።»

በዚያች ሰዓት መናገር እችል ነበር። ዝውውሬ በኪሴ ነው፤ አቶ ደሳለኝ ከእንግዲህ ምንም አያደርጉኝም። አፌን ከፈትኩ። እትዬ ፈሪሃ ፈገግ ብለው ይጠብቁኛል፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፋቸው ነገር አንድ ታማኝ ሰው አገኘሁ ማለት ብቻ ነበር።

ማሽላውን ተቀበልኩ። «ምንም አይደል እትዬ፣ ሥራዬ ነው» አልኳቸው።